ከድንኳን የበቀሉ ከተሞች፦ ከእንጦጦ እስከ ጎሬ፣ ከጎሬ እስከ ካዛንቺስ

ሜክሲኮ፣ ጨርቆስ፣ በቅሎ ቤት፣ ካዛንቺስ። በእግር ቢኬድ እንኳ ከአንዱ ወደ ሌላው ሩቅ አይደለም፤ ስማቸው ግን ከተለያየ ዘመን የመጣ ነው። አንዱ የባሕር ማዶ ወዳጅ አገር መታሰቢያ ነው። አንዱ የሕፃኑን ሰማዕት የቂርቆስን ታቦት ይዟል። ሦስተኛው ስሙ እንደሚናገረው የበቅሎ ማደሪያ ነበር። አራተኛው ወራሪ መንግሥት ለሹማምንቱ ያሠራው ቤት ስም ነው። አዲስ አበባ ከጦር ጋር ተወልዳ ከጦር ጋር ያደገች ስለሆነች፣ የመሐል ከተማውን ስሞች ገለጥ ገለጥ ባደረግን ቁጥር ከሥራቸው ድንኳን፣ ጭነትና ዘበኛ እናገኛለን።

ይህ የአዲስ አበባ ዕጣ ብቻ አይደለም። ጎሬ፣ ጎባ፣ ጊኒር፣ ጨንቻ፣ ሀገረ ሰላም፣ ጂጂጋ፣ ሌሎችም በርካታ የደቡብ፣ የምዕራብና የምሥራቅ ከተሞች መጀመሪያቸው የጦር ሰፈር ነው። ኮረብታ ተመርጦ ሠራዊት ሰፈረ፤ ታቦት ገባ፤ ገበያ ቆመ፤ ከዚያ ሰፈሩ ሳይነሣ ቀረ። የከተሞቻችንን ታሪክ ስንጽፍ አብዛኛውን ጊዜ ቆርቋሪውን መኰንን ጠቅሰን እናልፋለን። እኔን ግን የሚያሳስበኝ ሌላ ጥያቄ ነው፦ ለመነሣት ተብሎ የተተከለ ሰፈር በምን ምክንያት ሳይነሣ ቀረ? ያስቀረውስ ማን ነው?

መልሱን ለማግኘት ወደ ድንኳኑ ዘመን መመለስ ያስፈልጋል። በ1512 ዓ.ም ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስድስት ዓመት ያህል በአገራችን ሲቆይ የአፄ ልብነ ድንግልን ሰፈር በዓይኑ አይቶ ጽፏል። የንጉሡ ድንኳን ከፍ ካለው ቦታ ላይ ይተከላል፤ አብያተ ክርስቲያናቱ፣ የፍርድ ድንኳኑ፣ ወጥ ቤቱ፣ ገበያው ሁሉም የታወቀ ቦታ አላቸው። ሰፈሩ በሄደበት ሁሉ ሥርዓቱ አብሮ ይሄዳል። ፊታውራሪ በፊት፣ ቀኛዝማች በቀኝ፣ ግራዝማች በግራ፤ ማዕረጉ ራሱ የቦታ ስም ነበር። ጨለማ ውስጥ የደረሰ ወታደር እንኳ የንጉሡን ድንኳን አንድ ጊዜ ካየ የራሱን ጌታ ድንኳን በየት በኩል እንደሚያገኝ ያውቃል።

እንዲህ ያለው ሰፈር ብዙ ሺህ ሰው፣ ብዙ ሺህ ከብት ነበረው። የሚነድደው እንጨት፣ የሚግጠው ሣር፣ የሚበላው እህል በአንድ ቦታ ለረጅም ጊዜ አይበቃም። ስለ ተዘዋዋሪ ዋና ከተሞቻችን ያጠናው የጂኦግራፊ ሊቅ ሮናልድ ሆርቫት ትኩረት የሰጠው ለዚህ ነው፤ እንጨቱ ሲያልቅ ሰፈሩ ይነሣል። በእርግጥ አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም ጎንደርን ቆርቁረው መንግሥቱን ለረጅም ዘመን በድንጋይ ግንብ አስቀምጠውታል። ሆኖም በ19ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ፣ ምኒልክም የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ከአንኮበር ወደ ልቼ፣ ከልቼም ወደ እንጦጦ ሲሉ የድሮው ልማድ ገና ሕያው ነበር።

እንጦጦ በሁሉም ነገሩ የጦር ሰው ምርጫ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ያለ፣ ዙሪያውን የሚያሳይ፣ ለጠላት የማይመች። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው የተቀቡት እዚያው እንጦጦ ማርያም ነው። ለመኖር ግን ብርዱና ነፋሱ ይከብዳል፤ ውኃውም እንጨቱም ሩቅ ነው። ስለዚህ ግቢው ቁልቁል ወደ ፍል ውኃ መውረድ ጀመረ። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም ከፍል ውኃው አጠገብ ቤት አሠርተው ቦታውን አዲስ አበባ ሲሉ ምኒልክ ወደ ሐረር ዘምተው ነበር። የዘመቻው ሰፈር ሩቅ አገር ሲዞር የሚኖሩበት ሰፈር በሴት እጅ ተተከለ። ይህን እንደ ትንሽ አጋጣሚ አላየውም። ጦሩ ቦታ ይይዛል እንጂ ቤት አያቆምም፤ ቤት የሚያቆመው ከኋላው የሚመጣው ነው።

ቦታው ግን ባዶ አልነበረም። ፊንፊኔ የጉለሌና የሌሎችም የቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች አገር ነበረች፤ ፍል ውኃውም ከብት የሚጠጣበት፣ እረኛ የሚሰበሰብበት ሆራ። ጦሩ ሲሰፍር እነዚህ ባለአገሮች መሬታቸውን ለቀው ራቁ፣ ወይም ለአዲሶቹ ጌቶች ገባር ሆኑ። የአዲስ አበባን ልደት ስናነሣ ይህን በግርጌ ማስታወሻ ማስቀመጥ ትክክል አይመስለኝም። የሰፈሩ ሕግ እንዲህ ነው፤ አንዱ የሚከትመው ሌላው ሲነቀል ነው።

አዲስ አበባ ቋሚ ስትሆንም የድንኳኑ ሥርዓት አልተለወጠም፤ ሸራው በጭቃና በድንጋይ ተተካ እንጂ። ግቢው በኮረብታው አናት፤ መኳንንቱ እንደየማዕረጋቸው በየራሳቸው ጉብታ። የራስ መኰንን፣ የራስ ተሰማ፣ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ የደጃች ውቤ ሰፈር እየተባለ መሬቱ ለእያንዳንዱ ተሰጠ። ጌታው መሐል ላይ እልፍኝና አዳራሽ ይሠራል፤ ዙሪያውን ወታደሮቹ፣ አሽከሮቹ፣ ጋሻ ጃግሬው፣ ወጥ ቤቶቹ፣ ጠጅ ጣዮቹ ጎጆ ይቀልሳሉ። በሰፈርና በሰፈር መካከል ወንዝ፣ ገደል ወይም ሜዳ አለ። በክረምት ማታ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር ራሱ ጉዞ ነበር፤ ራስ መኰንን ድልድይና ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ዛሬ የሰፈር መጠሪያ እስከ መሆን የደረሱት ለዚህ ይመስለኛል።

የዛሬው የከተማችን ጎዳና ለምን እንደሚጠማዘዝ የሚጠይቅ ሰው ይህን ካርታ ይመልከት። ከጌታ ደጅ እስከ ግቢ ደጅ የተረገጠ የበቅሎ መንገድ ነው አስፋልት የሆነው። ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ቅርስም አለ። ሀብታሙና ድኻው በአንድ ሰፈር፣ ቪላውና የጭቃው ቤት በአጥር ብቻ ተለያይተው መኖራቸው የመጣው ከጌታውና ከወታደሩ ጉርብትና ነው። ብዙ የዓለም ከተሞች ድኻቸውን ወደ ዳር ሲገፉ አዲስ አበባ ለረጅም ጊዜ ሁሉንም በአንድ ጉያ ይዛ ኖረች። መነሻው ፍቅር ሳይሆን የማዕረግ ሥርዓት ነው፤ ያፈራው ጉርብትና ግን እውነተኛ ነበር።

ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። ሰፈሩን ምን አስቀረው? በ1880ዎቹ መጨረሻ የእንጦጦና የአካባቢው ደን እየተጨረሰ ነበር፤ በድሮው ልማድ የመነሻው ሰዓት ደርሷል ማለት ነው። ምኒልክም ወደ ምዕራብ ሄደው አዲስ ዓለምን መሥራት ጀመሩ፤ ቤተ መንግሥት ሊሆን የታሰበው ሕንፃ ዛሬ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። መንግሥቱን ከመንገድ የመለሰው አንደኛው ነገር ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ተቆርጦ ከጉቶው ይበቅላል፣ በጥቂት ዓመት ለማገዶም ለቤትም ይደርሳል። ሁለተኛው መሬቱ ነው። በ1900 ዓ.ም አካባቢ በወጣው የከተማ ቦታ ደንብ ነዋሪው ቦታውን በስሙ አስጽፎ መሸጥ፣ መለወጥ፣ ማውረስ ሲችል፣ የሰፈረው ሰው ባለ ርስት ሆነ። ትናንት ጌታው ሲነሣ አብሮ ይነሣ የነበረው ወታደር ዛሬ የሚተወው ነገር አገኘ። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም ለገሃር ሲደርስ ደግሞ ነገሩ አለቀ፤ ሐዲድ እንደ ድንኳን አይጠቀለልም።

በጠረፍ ያሉት ሰፈሮች ባቡርም ደንብም አልነበራቸውም፤ የእነሱ መንገድ ሌላ ነው። እዚህ ላይ ጎሬን አነሣለሁ።

ኢሉባቦርን ያስተዳደሩት ተሰማ ናደው ጎሬን መቀመጫቸው አደረጉ። ከደጋው ጫፍ ላይ ናት፤ ከፊቷ መሬቱ ወደ ባሮ ሸለቆና ወደ ጋምቤላ ቆላ ይወርዳል። በ1890 ዓ.ም እንግሊዝና ፈረንሳይ ለናይል ሲሽቀዳደሙ የተሰማ ጦር እስከ ነጭ ዓባይ ድረስ ወርዶ ነበር፤ ቆላው ሰውንም በቅሎንም ጨርሶ መለሰው። ጎሬ ስንቅ የሚጫንባት፣ በሽተኛ የሚያገግምባት፣ ዘመቻ የሚነሣባት ጠረፍ ነበረች። በ1894 ዓ.ም ውል ለእንግሊዞች በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ከተፈቀደላቸው በኋላ ግን መልኳ ተለወጠ። በክረምት ባሮ ሲሞላ ከካርቱም መርከብ ይመጣል፤ የኢሉባቦር ቡና በጎሬ አድርጎ ወደ መርከቡ ይወርዳል፣ ጨውና ሸቀጥ በዚያው መንገድ ይወጣል። የውጭ አገር ነጋዴዎች መደብር ከፈቱ፤ የእንግሊዝ ቆንስላ ተቀመጠ። ዘብ ለማቆም የተመረጠ ኮረብታ በቡና ንግድ ከተማ ሆነ።

የጎሬን ወታደር ማን አበላው? ደመወዝ አልነበረም። በዚያን ዘመን ለወታደሩ እንደየማዕረጉ ገባር ይመደብለታል። ገባሩ እህል ያገባል፣ ይፈጫል፣ እንጨት ያመጣል፣ አጥር ያጥራል፣ ቤት ይሠራል፣ ጌታው ሲዘምት ስንቅ ይሸከማል። መሬቱ በቀላድ፣ በመለኪያ ገመድ፣ ሲለካ ደግሞ አብዛኛው ለመንግሥት፣ ለጦሩና ለቤተ ክርስቲያን ሄዶ ለባላባቱ ሲሶ ቀረለት፤ ብዙው ገበሬ ጭሰኛ ሆነ። የእነዚህ ከተሞች የመጀመሪያ ግድግዳ፣ የመጀመሪያ አዳራሽ፣ የመጀመሪያ መንገድ የገባር ጉልበት ነው። በየከተማው የቆርቋሪውን ስም የያዘ ትምህርት ቤት ወይም አደባባይ እናገኛለን፤ የገባሩን ስም የያዘ ግን እኔ አላጋጠመኝም። ሥርዓቱ በሕግ የቀረው አገሪቱ ከጣልያን ወረራ ነጻ ከወጣች በኋላ የመሬት ግብር በገንዘብ እንዲከፈል ሲደረግ ነው፤ የመሬቱ ጥያቄ ግን እስከ 1967 ዓ.ም አዋጅ ቆየ።

ሰፈሩንና አገሬውን ያገናኘው ሥፍራ ገበያ ነበር። ጦሩ ከላይ፣ ገበያው ከኮረብታው ግርጌ። ሴቶቹ ጠላና ጠጅ ይዘው፣ ሸማኔው ጋቢውን፣ ሸክላ ሠሪዋ እንስራዋን፣ ገበሬው ቡናውንና ማሩን ይዘው እዚያ ተገናኙ። ጋብቻውም ከዚያ ጀመረ፤ ሁለት ሦስት ቋንቋ የሚናገር ልጅ ከዚያ ተወለደ። ወታደሩ አርጅቶ ጠመንጃውን ሲሰቅል በዙሪያው ያገኘው የትውልድ አገሩን ሰው ብቻ ሳይሆን የሚስቱን ዘመድ፣ የልጁን ክርስትና አባት፣ የገበያ ደንበኛውን ነበር። ሰፈር ከተማ የሚሆነው በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጂጂጋም በ1880ዎቹ ከውኃ ጉድጓዶች አጠገብ በእንጨት የታጠረ ምሽግ ነበረች። ምሽጉ ውኃውን ሊጠብቅ ቆመ፤ ውኃው ግን ግመል ነጂውንና ነጋዴውን ስቦ አመጣ።

የጠረፉ ሠራዊት ለማን ይታዘዝ እንደነበር የሚያሳይ አንድ ታሪክ በጨርቆስ ደቡብ፣ በንፋስ ስልክ ተፈጽሟል። ሲዳሞን ከሀገረ ሰላም ሆነው ለብዙ ዓመት የገዙት ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ በ1920 ዓ.ም ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ጋር ሳይስማሙ ቀርተው ብዙ ሺህ ወታደር አስከትለው አዲስ አበባ መጡ፤ ሠራዊታቸውን ንፋስ ስልክ አሰፈሩ። ራስ ተፈሪ ግብር ጠሯቸው። ደጃዝማቹ ግቢ ውስጥ ሲጋበዙ፣ ራስ ካሣ ከሠራዊቱ ጋር ተነጋግረው፣ ገንዘብ ተከፍሎት እንዲበተን አደረጉ፤ ሲዳሞም ለሌላ ገዢ ተሰጠ። ባልቻ ሲመለሱ የጠበቃቸው ባዶ ሜዳ ነው። ብዙዎች ይህን እንደ ተንኮል ታሪክ ያወሩታል። እኔ የማየው የአንድ ሥርዓት ማብቃት ነው። ያ ሠራዊት በሲዳሞ መሬት፣ ሚስት፣ ልጅ ነበረው፤ ለጌታው ሲል ዋና ከተማ ላይ ከመሞት ቤቱ መግባትን መረጠ። ሰፈሩ ከጌታው ይበልጥ ጸንቶ ነበር። ባልቻ ግን ዳግመኛ ተነሥተው ከጣልያን ጋር ሲዋጉ ወደቁ፤ በስማቸው የሚጠራው ሆስፒታል ከሜክሲኮ አደባባይ ብዙ አይርቅም።

ጎሬም ያልታሰበ ክብር ያገኘችው በዚያው የጣልያን ወረራ ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም ጣልያን አዲስ አበባ ሲገባ የመንግሥቱ ጊዜያዊ መቀመጫ ጎሬ ሆነች፤ ልዑል ራስ እምሩም የቀረውን ጦር ይዘው ወደዚያ አቀኑ። ጠረፍ ለመጠበቅ የተቆረቆረች ሰፈር ለጥቂት ወራት የነጻይቱ ኢትዮጵያ ዋና ከተማ ነበረች። በ1929 ዓ.ም መጀመሪያ ወራት ጠላት ደረሰባት፤ ራስ እምሩም በታኅሣሥ ከጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበው ተማረኩ። አዲስ አበባ ላይ ስለዚህ የሚናገር ነገር ፈልጌ ብዙ አላገኘሁም። ጎሬ የሚገባትን ያህል አልተነገረላትም።

ጣልያን በበኩሉ አዲስ አበባን የራሱ ሰፈር ሊያደርጋት ተነሣ። አርክቴክቶቹ ጉይዲና ቫሌ ባወጡት ፕላን ነጩና ጥቁሩ ተለያይቶ እንዲኖር ታሰበ። በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው ገበያ ወደ ምዕራብ ተገፍቶ የዛሬው መርካቶ ሆነ፤ አገሬውም ወደዚያ፣ ወደ አዲስ ከተማ እንዲሄድ ተደረገ። በግቢው ደቡብ ምሥራቅ ደግሞ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው የጣልያን ተቋም ቪላዎቹን ደረደረ፤ ቤቶቹ በተቋሙ ስም ካዛ ኢንቺስ ተባሉ፤ ሕዝቡ ካዛንቺስ አላቸው። ይህም የጦር ሰፈር ነው፤ ከምኒልክ ሰፈር የሚለየው ድኻውን ከአጥሩ ውጭ ማስቀረቱ ነው። አምስት ዓመት አልዘለቀም። ከ1933 ዓ.ም በኋላ የቤቶቹ ነዋሪዎች ሲቀየሩ፣ በቪላዎቹ መካከል የጭቃ ቤት፣ ጠጅ ቤት፣ ሱቅ፣ በኋላም የሙዚቃ ቤት ገባ። አዲስ አበባ የተለያየውን ፕላን በራሷ ልማድ መልሳ አደባለቀችው። በ1953 ዓ.ም የአፍሪካ አዳራሽ በካዛንቺስ አጠገብ ተመርቆ በ1955 ዓ.ም የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት፣ የቅኝ ገዢ ሹም ሊኖርበት የተሠራው ሰፈር የአፍሪካ ነጻነት ጎረቤት ሆነ።

ሜክሲኮም በዚሁ ታሪክ ውስጥ አለች። ወረራውን ብዙ መንግሥታት ሲቀበሉ ሜክሲኮ በመንግሥታቱ ማኅበር ተቃውማ ቆመች፤ ድሉንም አልተቀበለችም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1946 ዓ.ም ሜክሲኮን ጎበኙ፤ እዚህ አደባባይ በስሟ ተሰየመ፤ በሜክሲኮ ከተማም በኢትዮጵያ ስም የሚጠራ አደባባይና የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አለ።

ከነጻነት በኋላ የጠረፍ ሰፈሮች አንድ በአንድ ከኮረብታ ወረዱ። ሰላም ሲሆን ከፍታ ጥቅሙ ይቀንሳል፤ መኪና ዳገት ይፈራል፣ ውኃ ከታች ነው። የጋሞ ጎፋ መቀመጫ ብርዳማዋን ጨንቻን ትቶ በ1950ዎቹ ወደ አርባ ምንጭ ወረደ። የሲዳሞ ከሀገረ ሰላም ወደ ይርጋለም፣ ከይርጋለም ወደ ሐዋሳ። የኢሉባቦር ከጎሬ ወደ መቱ። እንጦጦ በ1879 ዓ.ም የጀመረችውን ቁልቁለት ሁሉም ተከተሏት። ሐዋሳ በ1952 ዓ.ም በራስ መንገሻ ሥዩም አስተዳደር ስትቆረቆር ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች መካከል ጡረታ የወጡ ወታደሮች ነበሩባት፤ በዚህ ጊዜ ግን ወታደሩ የመጣው በገባር ሊተዳደር ሳይሆን በራሱ እጅ ሊያርስ ነው። ልዩነቱ የአንድ ዘመን ልዩነት ነው።

ከላይ የቀሩት ከተሞች ተረሱ። መንገዱ፣ ባንኩ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ፣ ሆስፒታሉ ወደ ታች ሲወርድ፣ ጎሬና ጨንቻ የቆዩ አብያተ ክርስቲያናቸውን፣ የድሮ ሹማምንት ግቢና አረጋውያኑን ይዘው ቀሩ።

ካዛንቺስም በ2017 ዓ.ም ለኮሪደር ልማት በሰፊው ፈርሳለች፤ ነዋሪዎቿ ወደ ከተማው ዳር ሄደዋል። ያረጀ ቤት መታደሱን፣ ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ መግባቱን የሚጠላ የለም። የሚያሳዝነኝ የጎረቤቱ መበተን ነው፤ ከእሱም ጋር የወረቀቱ። የሰፈሮቻችን እውነተኛ ታሪክ ያለው በቤተ መንግሥት ዜና መዋዕል ብቻ አይደለም። በእድር መዝገብ ውስጥ ነው፤ ማን ከየት መጣ፣ ማን ማንን አገባ፣ ማን የማን ወታደር ልጅ ነው፣ ማን ሲሞት ስንት ሰው ቆመለት የሚለው እዚያ ተጽፏል። በማኅበር ጽዋ ስም ዝርዝር፣ በደብሩ የክርስትና መዝገብ፣ በሣጥን ሥር በተቀመጠ የቦታ ወረቀት ውስጥ ነው። እድሩ ሲፈርስ መዝገቡ ከዳኛው ቤት ወደ ልጁ ኮንዶሚኒየም፣ ከዚያም ወደ ቆሻሻ ይሄዳል። ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎቱም፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ትምህርት ክፍልም፣ የክፍለ ከተማው ባህል ቢሮም ይህን ሥራ ሊጀምሩ የሚገባው የጨርቆስና የካዛንቺስ የእድር ዳኞች በሕይወት ሳሉ ነው፤ በጎሬና በጨንቻም እንዲሁ።